የኢንዲያን ሕግ (ካናዳ)

የኢንዲያን ሕግ በ1876 በካናዳ ፓርላማ የጸደቀ፣ የአገሪቱን ነባር ሕዝቦች መሬት፣ አስተዳደርና ማንነት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያደረገ ሕግ ነው። ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም እስከ ዛሬ አልተሻረም። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥና ይዘት

ሕጉ በ1857 እና በ1869 የወጡ ሕጎችን ተከትሎ የመጣ ሲሆን፣ ዓላማው ነባር ሕዝቦችን ቀስ በቀስ በሰፋሪው ማኅበረሰብ ውስጥ ማዋጥ ነበር። ማን «ኢንዲያን» እንደሆነ የሚወስነው ሕጉ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። ሕጋዊ ዕውቅና የሌለው ወንድ ያገባች ሴት እስከ 1985 ድረስ የራሷን ዕውቅና ታጣ ነበር። በ1876ቱ ሕግ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያገኘ ሰውም ዕውቅናው ይቀር ነበር።

ራስን በራስ ማስተዳደር

መንግሥት ባህላዊ መሪዎችን የማንሣትና በምርጫ የሚቋቋሙ ምክር ቤቶችን የመጫን ሥልጣን ነበረው። የምክር ቤቶቹ ውሳኔዎችም የመንግሥትን ይሁንታ ይሹ ነበር። በ1923 የሆዴኖሾኒ (ስድስቱ ብሔሮች) መሪ ዴስካሄ አቤቱታቸውን ይዘው ጄኔቫ ወደነበረው የመንግሥታት ማኅበር ቢሄዱም፣ በጉባኤው ፊት እንዲናገሩ አልተፈቀደላቸውም። በ1924 መንግሥት ባህላዊውን ምክር ቤት አንሥቶ በምርጫ በሚቋቋም ተካው።

ከ1927 እስከ 1951 ደግሞ ያለ መንግሥት ፈቃድ ለመሬት ይገባኛል ክርክር ገንዘብ ማሰባሰብ ወንጀል ነበር። በዚህም ምክንያት ጠበቃ ቀጥሮ መሟገት እጅግ አዳጋች ሆነ።

የፖትላች እገዳ

ፖትላች በሰሜን ምዕራብ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች የሚያዘጋጁት ታላቅ ድግስ ነው። ስም፣ ጋብቻ፣ ውርስና ማዕረግ የሚጸናው በዚያ ነው፤ ስጦታ የሚቀበሉት እንግዶችም ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ድግሱን መከልከል የሕዝቡን የራሱን ሕግ መከልከል ነበር። እገዳው በ1884 ወጥቶ በ1885 ሥራ ላይ ዋለ፤ ቅጣቱም ከ2 እስከ 6 ወር እስራት ነበር።

በ1921 ዳን ክራንመር የተባሉ የክዋክዋካዋክዉ መሪ በቪሌጅ ደሴት ፖትላች በመደገሳቸው 45 ሰዎች ተከሰሱ። ክሳቸው ንግግር ማድረግ፣ መጨፈርና ስጦታ ማደል ነበር። ጭንብሎቻቸውንና ሌሎች ቅርሶቻቸውን ላስረከቡት ቅጣቱ ሲገደብላቸው፣ ሌሎቹ ወህኒ ወረዱ። ቅርሶቹም በየሙዚየሙ ተበተኑ።

ትምህርት ቤቶች

በ1920 የወጣ ማሻሻያ መንግሥት ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ነጥሎ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲያስገባ ሥልጣን ሰጠው። በትምህርት ቤቶቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መናገር ያስቀጣ ነበር። በዘመኑ ሁሉ ከ150,000 በላይ ሕፃናት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። መንግሥት በ2008 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ከ1951 በኋላ

በ1951 የፖትላችና የገንዘብ ማሰባሰብ እገዳዎች ከሕጉ ወጡ። ሕጋዊ ዕውቅናቸውን ሳይተዉ በአገር አቀፍ ምርጫ የመምረጥ መብት ግን ለሁሉም የተረጋገጠው በ1960 ነው። የተወሰዱት ቅርሶች ብዙዎቹ ተመልሰው ከ1980 ጀምሮ አለርት ቤይ በሚገኘው የኡሚስታ የባህል ማዕከል ይታያሉ። «ኡሚስታ» በጦርነት ተማርከው የነበሩ ሰዎች ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን የሚገልጽ ቃል ነው።