ከመሻገር እስከ መቀናጀት፤ የአንዳንድ ግሶች ታሪክ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ ከሚወጡት ታላላቅ መንገዶች አንዱ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም፣ ሁለተኛው በቡራዩ በኩል ወደ አምቦና ወደ ወለጋ፣ ሦስተኛው በሰበታ በኩል ወደ ጅማ ያመራል። የእነዚህ ሦስት ከተሞች ታሪክ በአብዛኛው የመንገድ ታሪክ መሆኑ የታወቀ ነው። መንገድንና መገናኘትን የምንገልጽባቸው ግሶች ራሳቸው ታሪክ ያላቸው መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይስተዋልም።

«መሻገር» የወንዝና የተራራ ቃል ነው። ተሻጋሪው በማዶ ይቆማል፤ ወንዙ ግን እንደ ነበረ ይፈሳል። የሰዋስው ሊቃውንት ድርጊቱ ከባለቤቱ አልፎ በተሳቢው ላይ የሚያርፈውን ግስ «ተሻጋሪ» ይሉታል። የእንግሊዝኛው «ትራንዚቲቭ»ም ከላቲኑ «አልፎ መሄድ» የተገኘ በመሆኑ ምሳሌው አንድ ነው።

«ማቋረጥ» ግን ከዚህ ይለያል፤ ሥሩ «ቆረጠ» ነውና። እንግሊዞች ሁለት መንገዶች ሲተላለፉ «ኢንተርሴክት» የሚሉት ቃልም በላቲን «መካከሉን መቁረጥ» ማለት ነው። የአካባቢው ነባር ቋንቋ በሆነው በኦሮምኛ እንኳ «ቀጣሙሩ» በሚለው ግስ ውስጥ «ሙሩ»፣ ማለትም መቁረጥ፣ ይሰማል። እንግዲህ ቋንቋዎቹ ሳይመካከሩ ስለ አንድ ነገር መስክረዋል፤ ይኸውም መንገድ ሲያልፍ የሚቆረጥ ነገር መኖሩን ነው። አማርኛ ደግሞ ሌላ ፍች ይጨምርበታል። ትምህርት ይቋረጣል፤ ንግግርም ይቋረጣል። ማሳውን መንገድ ያቋረጠበት ገበሬ ሁለቱንም ፍች በአንድ ጊዜ ያውቃቸዋል።

የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ሲመረቅ የምዕራቡ ጫፍ ሰበታ ሆነ። ቀድሞ የጅማ መንገደኛ አቋርጧት ያልፍ የነበረችው ከተማ የመሥመር መነሻና መድረሻ ሆነች ማለት ነው።

የእንግሊዝኛው «ክሮስ» መንገድ መሻገርንም ከብት ማዳቀልንም ባንድነት ይይዛል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል። «ማዳቀል» ከ«ዲቃላ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ዲቃላ ደግሞ ለሰው ሲነገር ስድብ ነው። ይሁን እንጂ ከቡራዩ አልፎ ባለው የሆለታ የግብርና ምርምር ማእከል የቦረና ከብት ከፍሪዢያን ጋር ሲዳቀል፣ ቃሉ በገበሬው ዘንድ የምስጋና ቃል ሆነ። ዛሬ በወተት በታወቀው በሱሉልታ አካባቢ «የተዳቀለች ላም» ማለት ሀብት ማለት ነው። «መቀላቀል» ደግሞ መመለሻ የለውም፤ ውሃና ወተት አንዴ ከተቀላቀሉ አይለዩም።

ከሁሉም ይልቅ ሊጤን የሚገባው «መቀናጀት» ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብጤውን ይፈልጋል፤ ያም መቀናጆው ይባላል። ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ ማሳዎቹም በየተራ ይታረሳሉ። ማታ ግን እያንዳንዱ በሬ ወደ ጌታው በረት ይመለሳል። ቅንጅት እንግዲህ የሁለት ባለቤቶች ስምምነት ነው።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የሚገኙትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚመለከተው ማስተር ፕላን «የተቀናጀ» ተብሎ ተሰየመ። ብዙ የኦሮሚያ ነዋሪዎች ግን ቃሉን የሰሙት መቀላቀል፣ አልፎም መሬት መቆረጥ ብለው ነበር። በዚያው ዓመት፣ በኋላም በ2008 ዓ.ም. በተነሣው ተቃውሞ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ «መጠቃለል»ም ራሱን የቻለ ግስ ነው።

ያን ያህል ደም የፈሰሰው በአንድ ቃል ምክንያት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የተጣሉት በመሬት ነውና። ነገር ግን ገበሬው ቅንጅትን ከአባቱ የተማረው በእርሻ ላይ ነው። ቀንበር ከመነሣቱ በፊት የበሬው ጌታ ይጠየቃል። ቃሉን ከማሳ ወደ ጽሕፈት ቤት ያመጣ ሰው፣ ከቃሉ ጋር ይህንን ልማድ አብሮ ማምጣት ነበረበት።