ምች፣ ፀሐይና ጥላ፦ የአልትራቫዮሌት ጨረር ታሪክ ለደጋው ጤና ባለሙያ

በደቡብ ጎንደር፣ ከጉና ተራራ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው የእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ፣ እንዲሁም በጋይንትና በስማዳ ከፍታዎች ላይ፣ ፀሐይ ወጥታም ጋቢ የሚያስደርብ ነፋስ ይነፍሳል። ሆኖም ሕዝቡ ፀሐይን ይፈራል። ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ሲወጡ፣ ራስ ምታትና ትኩሳትም ሲከተል «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂውም ይጠጣል። ይህ እምነት ከሳይንስ ጋር የት ላይ እንደሚስማማና የት ላይ እንደሚለያይ ለመረዳት የጨረሩን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1800 ዊሊያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ዓይን የማያየው ሙቀት ሰጪ ጨረር መኖሩን አገኘ። በዓመቱ ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር በሌላው ጫፍ፣ ከሐምራዊው ቀለም ወዲያ ያስቀመጠው የብር ክሎራይድ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ መጥቆሩን አስተዋለ። አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1820 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤቨራርድ ሆም አንድ እጁን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ሌላውን ራቁቱን ትቶ ሁለቱንም ለፀሐይ አጋለጠ። በጨርቁ ሥር ያለው ሙቀት የበለጠ ቢሆንም የተሸፈነው እጅ ደኅና ሆነ፤ የተቃጠለው ራቁቱን የነበረው ነው። በ1889 ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ዊድማርክ ቆዳን የሚያቀላው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌቱ መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ።

ይህ ግኝት ለደጋ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀንስ፣ አልትራቫዮሌቱ ግን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀጭን ደመናም ከጨረሩ 90 በመቶውን ሊያሳልፍ ይችላል። ስለሆነም ብርዱም ሆነ ደመናው ለቆዳ ዋስትና አይሆንም።

በ1932 በኮፐንሃገን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የብርሃን ጉባኤ ላይ ጨረሩ በሦስት ተከፈለ። ከ280 ናኖሜትር በታች ያለው «ሲ» እጅግ ጎጂ ቢሆንም የኦዞን ሽፋን ስለሚያስቀረው ከፀሐይ ወደ ምድር አይደርስም። ከ280 እስከ 315 ያለው «ቢ» የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ያቃጥላል፣ የሕዋሳትን ዲ.ኤን.ኤ. በቀጥታ ይጎዳል፣ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራም ያደርጋል። ከ315 እስከ 400 ያለው «ኤ» ምድር ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ጠልቆ በመግባት ቆዳን ያለ ዕድሜው ያስረጃል፤ ለካንሰርም አስተዋጽኦ ያደርጋል። «ኤ» የመስኮት መስተዋትን ሲያልፍ፣ «ቢ» ግን በመስተዋቱ ይታገዳል።

ወደ ምች ስንመለስ፣ የአባቶች ትዝብት መሠረት ያለው ሆኖ ይገኛል። የከንፈሩ ቁስል መነሻ የሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን፣ በነርቭ ውስጥ ያደፈጠውን ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ አልትራቫዮሌት ነው። በ1991 በታተመ ጥናት፣ መከላከያ የሌለው ቅባት ተቀብተው ለጨረሩ ከተጋለጡ 38 ሕሙማን በ27ቱ ላይ ቁስሉ ተመልሶ ሲወጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ሲቀቡ ግን በአንዳቸውም ላይ አልወጣም። ይሁን እንጂ ምች የሚለው ስም ብዙ ዓይነት ትኩሳትን ስለሚያቅፍ፣ ከሥሩ ወባ ወይም ታይፎይድ ተሸፍኖ እንዳይቀር መመርመር ያስፈልጋል።

ፍርሃቱ አደጋ የሚሆነው በሕፃናት ላይ ነው። ብዙ እናቶች ምችንና የሰው ዓይንን በመፍራት ሕፃኑን ለወራት በጨለማ ቤት ሸፋፍነው ያቆዩታል። በ1919 በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት ማዳን እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። በአገራችንም በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደውና በ1997 የታተመው ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት በ210ሩ ላይ ሪኬትስ ሲያገኝ፣ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን በ20ዎቹ ላይ ብቻ አግኝቷል። የፀሐይን ምች ሽሽት ለሳንባ ምች ሊያጋልጥ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ምክሩ እንደ ሰውየው ሊለይ ይገባል። ሕፃኑ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከቤት ወጥቶ፣ ልብሱ ተገልጦለት፣ ዓይኑ ተከልሎለት ለጥቂት ደቂቃዎች ፀሐይ ቢሞቅ ይጠቀማል፤ በመስኮት መስተዋት በኩል ማሞቅ ግን ቫይታሚን ዲ አያስገኝም። ጥቁር ቆዳ በሜላኒኑ ምክንያት ከቃጠሎ የተሻለ ይጠበቃል፤ በዚያው መጠን ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሜላኒን የጎደላቸው የአልቢኒዝም ተጠቂዎች ግን በለጋ ዕድሜያቸው ለቆዳ ካንሰር ስለሚጋለጡ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጥበቃና ክትትል ያሻቸዋል። ገበሬውና እረኛው በበኩላቸው ከቆዳቸው ሌላ ዓይናቸውን ይጠብቁ፤ ጨረሩ ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡት ምክንያቶች አንዱ ነውና።

ለጥበቃው ውድ ዕቃ የግድ አያስፈልግም። የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር ጨረሩ በርትቷል ማለት ስለሆነ ዛፍ ሥር መጠጋት፣ ጃንጥላ መያዝ ወይም ሰፊ ባርኔጣ መድፋት ይበጃል። ስስ ነጠላ ጨረር ያሳልፋል፤ ድርብርቡ ጋቢ የተሻለ ይከላከላል። ቅባት የሚገዛ ሰውም ለሁለቱም፣ ለ«ኤ»ም ለ«ቢ»ም የሚያገለግለውን ይምረጥ፤ በዕቃው ላይ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥር በዋናነት የሚለካው ከ«ቢ» የሚሰጠውን ጥበቃ ነው። በየጤና ጣቢያው እናትን «ፀሐይ አሙቂው» ብሎ ማሰናበት ብቻ አይበቃም፤ ስንት ሰዓት ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜና እንዴት እንደሆነም አብሮ ሊነገራት ይገባል።