የሲሊኮን ጡት ታሪክ ከመሐንዲስ ዓይን ሲታይ

ድልድይ ሲሰነጠቅ ይታያል። በደረት ውስጥ የተቀመጠ የሲሊኮን ከረጢት ግን ሲቀደድ ብዙ ጊዜ ባለቤቲቱ እንኳ አታውቀውም። የሞያ ጓደኞቼ ይህን የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ አድርገው እንዳይመለከቱት የምሻውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1895 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቪንሰንዝ ቼርኒ የተባለ የሃይደልበርግ ቀዶ ሐኪም፣ በሕመም ምክንያት ጡቷ ለጎደለ ሴት ከራሷ ጀርባ ያወጣውን የስብ ዕብጠት ተክቶላት ነበር። ከዚያ ወዲህ በመርፌ የተሰጠው ፓራፊንም ሆነ በ1950ዎቹ የተሞከረው የፕላስቲክ ስፖንጅ ጠንክረው ከመቅረት በቀር የረባ ውጤት አላስገኙም።

ዛሬ የሚታወቀው ዓይነት የተወለደው በ1962 በአሜሪካ፣ በሂውስተን ከተማ ነው። ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው ከዳው ኮርኒንግ ኩባንያ ጋር ተባብረው የሲሊኮን ላስቲክ ከረጢት በሲሊኮን ጄል ሞሉ። ሐሳቡ የመጣው ጄሮው ደም የተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት በእጁ ሲዳስስ ነው ይባላል። ጥቂት ቆይቶም በፈረንሳይ አገር አሪዮን በጨው ውሃ የሚሞላውን ዓይነት አስተዋወቀ፤ ይህኛው ሲቀደድ ውሃው ያለ ጉዳት በሰውነት ይመጠጣል፣ ጡቱ ግን በአንድ ጊዜ ይረግባል።

የምህንድስናው ችግር ጎልቶ የወጣው በ1970ዎቹ ነው። ልስላሴን በመሻት ሽፋኑን አሳሱት፣ ጄሉንም አቀጠኑት። ጄሉና ሽፋኑ የአንድ ዘር ኬሚካሎች በመሆናቸው፣ እርስ በርስ ያልተሳሰሩት የሲሊኮን ሞለኪውሎች ወደ ላስቲኩ ሰርገው እየገቡ ያሳብጡታል፤ ያዳክሙታል፤ አልፈውም ወደ ውጭ ይወዛሉ። በ1980ዎቹ ሽፋኑ ውስጥ የሚያግድ ንብርብር ተጨመረበት፤ ኋላም ጄሉ እንዲጠነክር ተደረገ።

አሜሪካ የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው በ1976 ሲሆን፣ ከረጢቱ ግን 14 ዓመት ቀድሞ ገበያ ውስጥ ነበር። አምራቾቹ የደህንነት ማስረጃ እንዲያቀርቡ የተጠየቁት በ1991 ነው። በ1992 የጄሉ ዓይነት ለማስዋብ እንዳይውል ታገደ፤ በ2006 ተመልሶ ተፈቀደ። በ1999 የወጣው የሕክምና ኢንስቲትዩት ዘገባ ሲሊኮኑ መላ ሰውነትን የሚያጠቃ በሽታ ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ የመቀደዱንና በዙሪያው የሚያድገው ጠባሳ የመኮማተሩን ጉዳት ግን አልካደም። በፈረንሳይ ፒአይፒ የተባለው ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላ በ2010 ተደረሰበት፤ ይህ የንድፍ ስሕተት ሳይሆን ግልጽ ማጭበርበር ነበር።

ጠባሳው እንዳይኮማተር ተብሎ ገጹ እንዲሻክር የተደረገው ዓይነትም ከሊምፎማ ነቀርሳ አንድ ብርቅ ዓይነት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በ2019 አለርጋን የሻካራ ገጽ ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2021 ስለ ዕቃው በሚሰጠው የጽሑፍ መግለጫ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዘዘ፤ ዕቃው ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል የማይጠበቅ መሆኑ ከቃሎቹ አንዱ ነው።