«ተደራጁ» ማለት ማስተማር አይደለም

መቀሌ ውስጥ «ማኅበር» የሚለው ቃል ሲነሳ የሰሚው ፊት እንደ ዕድሜው ይለያያል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው በደርግ ጊዜ በኩፖን ስኳር የሚያድለውን ሕብረት ሱቅ ያስታውሳሉ። ከእነሱ ያነሱት ዘይት ለመግዛት የተሰለፉበት የሸማቾች ሱቅ ትዝ ይላቸዋል። ወጣቱ ደግሞ የቤት መሥሪያ ቦታ ወይም ብድር ይገኝ ይሆናል ብሎ ስሙን ያስመዘገበበትን ዝርዝር ያስባል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ማኅበር ማለት የማዳበሪያ ዕዳ ነው። በአራቱም ትዝታ ውስጥ «ማኅበሩ የእኔ ነው» የሚል የለም።

ይህ የሆነው ሕዝቡ መተባበር ስለማያውቅ አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው የትግራይ ገበሬ በሬውን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ ልፍንቲ ይሉታል፣ ሌላው አማርኛ ተናጋሪ መቀናጆ ይለዋል። ወፈራ የሚባለው ደግሞ ከደቦና ከጅጊ ጋር አንድ ነው። እቁብና እድር ማንም ሳይሰብካቸው ደንብ ያወጣሉ፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ያጓደለን ይቀጣሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው «ኅብረት ሥራ» ሲባል አዳራሽ ውስጥ እንደማያውቅ ተቆጥሮ የሚቀመጠው ለምንድነው? ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሕግ የ1953ቱ የእርሻ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ድንጋጌ ቁጥር 44 ነው። በ1958 አዋጅ ቁጥር 241 ተከተለ። ሁለቱም መሬት ለሌለው ጭሰኛ የሚሰጡት ብዙ ነገር አልነበረም፤ መሬት የሌለው ምን ይዞ አባል ይሆናል? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዩኔስኮ በ11 አገሮች የሞከረው ሥራ ተኮር የመሠረተ ትምህርት ፕሮጀክት ኢትዮጵያንም አካቶ ነበር። ፊደልን ከእርሻና ከገቢ ጋር አያይዞ ማስተማር በጊዜው አዲስ ሐሳብ ነው። ሆኖም ገበሬው ምን መማር እንዳለበት የሚወስነው ያው ባለሙያው ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። መሬት በ1967 ለአራሹ ሆነ፣ በ1970 የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 ወጣ፣ ቀጥሎ አምራቾች በሦስት ደረጃ እንዲደራጁ ታዘዘ፦ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። (ስሞቹን ዛሬ የሚያውቅ ወጣት ካለ ሽልማት ይገባዋል።) ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። ዘመቻውን አላጣጥልም፤ ስንት እናት ስሟን መጻፍ የቻለችው በእሱ ነው። የማኅበሩ ትምህርት ግን የተሰጠው በካድሬ ነበር። ካድሬ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። የካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና ገበሬው መውጣት ሲፈቀድለት፣ የአምራቾቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ፈረሱ። በሬውም መሬቱም ተከፋፈለ። ከዚህ በላይ ግልጽ የፈተና ውጤት የለም።

ትግራይ ያኔ ከደርግ እጅ ከወጣች ዓመት ሆኗታል። እዚህ ሕዝቡ የለመደው ሌላ ነገር ነው፦ ባይቶ፣ ጉባኤ፣ ግምገማ። ብዙዎች ይህንን አሳታፊ ትምህርት ነው ይላሉ። በከፊል እስማማለሁ፤ ሴት ልጅ በጉባኤ ቆማ የተናገረችበት መድረክ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ መናገርና መወሰን አይተካኩም። መስመሩ አስቀድሞ የተሰመረበት ስብሰባ ለማኅበር ሕይወት አያሠለጥንም።

የ1991 አዋጅ ቁጥር 147 ነገሩን በወረቀት አስተካከለው። በፈቃደኝነት መግባት፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ትምህርትና ሥልጠና እንደ መርህ። መቀሌ ዩኒቨርሲቲም ኅብረት ሥራን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ጥሩ ነው። ኦዲትና ግብይት የተማረ ልጅ ግን በእናቱ ዕድሜ ካለች፣ ሃያ ዓመት እቁብ ከሰበሰበች ሴት ጋር እንዴት ቁጭ ብሎ እንደሚማማር ማን ያሳየዋል? የሚያውቀውን አጠፍ አድርጎ መጠየቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የለመድነው ሥልጠና አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ ዕረፍት፣ በመጨረሻም አበል ነው። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ይህን ዓይነት ትምህርት ባንክ ቤት ገንዘብ ከማስቀመጥ ጋር አመሳስሎታል፤ አስተማሪው ያስገባል፣ ተማሪው ይቀበላል። ባንክ ተዘግቶ ገንዘቡን ማየት ብቻ የቀረለት የመቀሌ ሰው ምሳሌው ቶሎ ይገባዋል።

ሌላው መንገድ እንዴት ነው? በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ቄስ ሞዘስ ኮዲ ድሃ ዓሣ አጥማጆችን በትናንሽ የጥናት ክበብ ሰበሰቡ። ጥያቄው የራሳቸው ነበር፦ የያዝነውን ነጋዴ በስንት ገዝቶ በስንት ይሸጣል? ሒሳቡን ራሳቸው ሠሩት። የብድር ማኅበሩና የዓሣ ማሸጊያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእንግሊዝ ሮችዴል በ1844 (እ.ኤ.አ.) ሱቅ የከፈቱት ሸማኔዎችም ቆየት ብለው ከትርፋቸው 2.5 በመቶ ለትምህርት መደቡ።

እኛ ዘንድ ይህ ዓዲ ሓቂ የሚኖሩ አሥራ አምስት ሴቶች አንድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያደርጉት ነው። የፊተኛው ማኅበር ለምን እንደፈረሰ ያወራሉ። ዕጣና ትርፍ በባቄላ ፍሬ መሬት ላይ ይቆጠራል፤ ከተጣራው ትርፍ ለመጠባበቂያ የሚቀረው ክምር ሲነሳ «ይሄ የማነው?» ብላ አንዷ መጠየቋ አይቀርም። ያ ጥያቄ ከአንድ ቀን ገለጻ ይበልጣል። ጠቅላላ ጉባኤን እንደ ጨዋታ ይሠሩታል፦ አንዷ ሊቀመንበር፣ አንዷ ደረሰኝ የጠፋባት ገንዘብ ያዥ፣ ሌሎቹ ጠያቂ። አመቻቹ ጥያቄ ይወረውራል፣ ዝም ማለትም ይችላል። ዝም ማለቱ ነው ከሁሉ የሚከብደው፤ እሱን ለመማር ዓመት ይፈጃል። የሚቀጥለው ሳምንት አመቻች ደግሞ ከእነሱ አንዷ ትሆናለች።

ነገሩ ለምን አሁን ያስፈልጋል? ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው ጦርነት የማኅበራት መጋዘን ተዘርፏል፣ መዝገብ ጠፍቷል፣ አባል ሞቷል፣ ተሰድዷል። የተረፈው ብድር አለበት። አሁን ተፈናቃዩም፣ ከትግል የተመለሰውም፣ ሥራ አጡም እንደገና «ተደራጁ» እየተባለ ነው። የሚደራጀው ገንዘብ ሊመጣ ነው ተብሎ ከሆነ ገንዘቡ ሲያልቅ ያልቃል፤ 1982ን አይተናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዕዳው የጋራ መሆኑ ነው። ያልገባው ደንብ ላይ የፈረመ ሰው በፍርድ ቤት የሚጠየቀው እንደገባው ሰው ነው።

ጊዜ የለም፣ ገንዘብ የለም የሚል መልስ ይመጣል። ለአንድ ቀን የአዳራሽ ሥልጠና የሚወጣው አበልና ኪራይ አንድ አመቻች ለወራት ሊያቆይ ይችላል። የከበደው በጀቱ አይመስለኝም። በሦስት ወር ውስጥ «ይህን ያህል ማኅበር አደራጀን» ብሎ ሪፖርት ለሚጠበቅበት ሹም፣ ለአራት ወር ባቄላ ሲቆጥሩ ከርመው «ማኅበር ለእኛ አይሆንም፣ እቁባችን ይሻላል» ብለው የተነሱ ሴቶች የሚሞሉበት ሣጥን በሪፖርቱ ቅጽ ላይ የለም።