መልሱን የማያውቅ ጠያቂ

በእንቆቅልሻችን ሥርዓት ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ ፍቺው ከጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጨዋታው ያለ ሁለት ሰው አይሆንም። ታዲያ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከአንድ ግዑዝ ነገር ጋር ሲታገል ጠያቂው ማነው? ለዚህ ጥያቄ የሩቢክ ኩብ ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጠናል።

ኤርኖ ሩቢክ እ.ኤ.አ. በ1944 ቡዳፔስት ውስጥ ተወለደ። አባቱ የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ እናቱ ገጣሚ ነበሩ። በ1974 በዚያችው ከተማ የንድፍ ጥበብ መምህር ሳለ አንድ ችግር ያዘው፦ ተያይዘው አንድ ትልቅ ኩብ የሚሆኑ ትናንሽ ኩቦች ሳይበታተኑ በየአቅጣጫው እንዴት ሊዞሩ ይችላሉ? በመጀመሪያ በላስቲክ አያያዛቸው፤ ላስቲኩ ተበጠሰ። ኋላ ግን ከእንጨት ጠርቦ፣ ቁራጮቹ እርስ በርሳቸው እንዲያያዙ አድርጎ ሠራቸው። ለስድስቱም ገጾች የየራሳቸውን ቀለም ሰጣቸው። የቅርጹ ችግር ተፈታ።

ዳሩ ግን ጥቂት ጊዜ እንዳዞረው ቀለሞቹ ተደባለቁ፤ መመለሻው መንገድም ጠፋ። ሠሪው በገዛ ሥራው ውስጥ እንግዳ ሆነ። እያንዳንዱን ቀለም ወደ ገጹ ለመመለስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀበት። እንግዲህ እንቆቅልሹ ታስቦበት የተጠየቀ ሳይሆን ከሥራው ውስጥ የተገኘ ነበር፤ የመጀመሪያው ተጠያቂም ራሱ ጠያቂው ነበር።

ኩቡ በ1977 መጨረሻ በአንድ የቡዳፔስት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተመርቶ፣ «አስማታዊ ኩብ» በሚል ስም ለሀንጋሪ ገበያ ቀረበ። በ1980 ደግሞ የሠሪውን ስም ይዞ ወደ ውጭው ዓለም ወጣ። በ1982 እዚያው ቡዳፔስት በተካሄደው የዓለም ውድድር አሸናፊው በ22.95 ሰከንድ ፈታው።

ይህን ሁሉ ሰው የማረከው ምንድን ነው? ኩቡ 43,252,003,274,489,856,000 የተለያዩ አቀማመጦች አሉት። ሆኖም ከየትኛውም አቀማመጥ ተነሥቶ ከ20 በማይበልጡ እርምጃዎች መፍታት እንደሚቻል በ2010 በኮምፒዩተር ስሌት ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ተጫዋቹን የሚፈትነው ቁጥሩ አይደለም። አንዱን ገጽ በብዙ ድካም ካስተካከለ በኋላ፣ ሌላውን ለማስተካከል የመጀመሪያውን ለጊዜው ማፍረስ እንዳለበት ሲረዳ ነው ፈተናው። ብዙዎች እዚያ ላይ ይተዉታል። የሚቀጥለው ግን የሠራውን ለማፍረስ ይደፍራል፤ መልሶ እንደሚያገኘውም ያምናል። ያማረች ስንኝ ለግጥሙ ሙሉነት ስትል የሠረዘ ገጣሚ ይህን ድፍረት ያውቀዋል።

ብቸኛ ጨዋታን ሥራ ፈትነት ብቻ አድርገን የምንመለከት መምህራን ይህን ልናስብበት ይገባል። መልሱን በእጁ ይዞ የሚጠይቅ መምህር ተማሪውን ይፈትነዋል። እንደ ሩቢክ በገዛ ጥያቄው ለመቸገር የሚፈቅድ ግን መፈለግን ያስተምረዋል።