ሾንኬ፦ በተራራ አናት ላይ ያለችው የአርጎባ መንደር

ሾንኬ በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ አርጎባዎች ሲሆኑ ሃይማኖታቸው ኢስላም ነው። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ስሟ የሚነሳው በድንጋይ ቤቶቿና በዓሊሞቿ ነው። የቋንቋ ተመራማሪዎች ደግሞ የአርጎብኛ ቋንቋ ካልጠፋባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ስለሆነች ያውቋታል። ቤቶቹም፣ ዒልሙም፣ ቋንቋውም እስከ ዛሬ የቆዩት ሰው መንደሩን ሳይለቅ ስለኖረበት ነው። አሁን እየቀነሰ የመጣው ደግሞ ነዋሪው ነው።

አቀማመጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የዞኑን ዋና ከተማ ከሚሴን አቋርጦ ያልፋል። በከሚሴ ዙሪያ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ለጥ ያለ የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል። ሾንኬ ያለችው ግን ከሜዳው ርቃ በተራራ አናት ላይ ነው። ወደ መንደሩ ለመድረስ የመጨረሻውን ዳገት በእግር መውጣት ግድ ይላል። በአቅራቢያዋ ጦላሃ የምትባል ሌላ የአርጎባ መንደር አለች፤ የሁለቱ መንደሮች ሰዎች በቋንቋም በባህልም አንድ ናቸው።

አርጎባዎች ከፍ ያለ ቦታ መርጠው የሰፈሩት በሾንኬ ብቻ አይደለም። ከሰሜን ሸዋ እስከ ደቡብ ወሎ ባለው የምሥራቅ ተረተር ላይ ብዙዎቹ የቆዩ መንደሮቻቸው ኮረብታ ላይ ናቸው። ከፍታው ከጠላት ይጠብቃል፤ ከቆላው ወባ ያርቃል፤ ሊታረስ የሚችለውንም መሬት ለእርሻ ያስቀራል።

ቤቶቹ

የሾንኬ ቤቶች የሚሠሩት በአካባቢው ከሚገኝ ድንጋይ፣ ከእንጨትና ከጭቃ ነው። ጣሪያቸው እንደ ጎጆ ቤት ሾጣጣ ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው። ቤቶቹ የተራራውን ቅርጽ ተከትለው ተጠጋግተው ስለተሠሩ መንደሩ ከሩቅ ሲታይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ይመስላል። የመንደሩ አዛውንቶች ዕድሜውን እስከ 900 ዓመት ያደርሱታል፤ ይህ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲወርድ የመጣ ነው።

በድንጋይ መሥራት የአርጎባ አካባቢ የቆየ ሙያ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለ። ከኢፋት ሱልጣኔት ዘመን የቀሩ የድንጋይ መስጂዶችና የከተማ ፍርስራሾች በሰሜን ሸዋ ተረተር ላይ ተጠንተዋል፤ ኖራና አስበሪ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በእነዚያ ቦታዎች የቀረው ፍርስራሽ ነው። በሾንኬ ግን ዛሬም እሳት ይነድበታል፤ አዛን ይሰማበታል።

ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ ግን ያለ ሰው አይቆይም። ከክረምት በፊት መደልደልና መመረግ አለበት። አንድ ሁለት ክረምት ከታለፈ ውሃ ሰርጎ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ እንጨቱ ሲሰበር ግድግዳውም ይከተላል። ስለዚህ በሾንኬ የተዘጋ ቤት ማለት ለመፍረስ ቀኑን የሚጠብቅ ቤት ማለት ነው።

ሕዝቡና ቋንቋው

አርጎባዎች በእርሻ፣ በንግድና በሽመና ሙያ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። በአንኮበር አቅራቢያ ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የሸዋ የንግድ ከተሞች አንዷ የነበረችው በአብዛኛው በእነርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ 140,820 ሰዎች አርጎባ መሆናቸውን ተናግረዋል። በአማራ ክልል የአርጎባ ልዩ ወረዳ ቢኖርም ሾንኬና ጦላሃ ከዚያ ወረዳ ውጭ ናቸው።

አርጎብኛ ከሴም ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ለአማርኛ በጣም ቅርብ ነው። ሆኖም የአማርኛ ዘዬ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስውና ቃላት አሉት። አማርኛ ከ«ሀ» ጋር የቀላቀለውን የጉሮሮ ድምፅ «ሐ»ን አርጎብኛ ለይቶ ይጠራዋል። ቁርአን የሚቀራ ሰው ይህን ልዩነት ወዲያው ይረዳዋል።

በብዙ ቦታ አርጎባዎች ቋንቋቸውን ለቀዋል። በአንኮበር በኩል ያሉት አማርኛ፣ በሐረር በኩል ያሉት ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ሾንኬና ጦላሃ ግን ኦሮምኛና አማርኛ በሚነገርበት አካባቢ መሐል ሆነው አርጎብኛን ለልጆቻቸው አስተላልፈዋል። ጀርመናዊው ተመራማሪ አንድሪያስ ቬተር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው የአርጎብኛ ሰዋስው የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት መንደሮች ንግግር ላይ ነው።

ዒልሙና ሸይኾቹ

ወሎ የታወቁ የዒልም ማዕከላት አገር ነው። ጀማ ንጉስ፣ ጌታና ዳና ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። በእነዚህ ቦታዎች ደረሳ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ከሸይኹ ፊት ቁጭ ብሎ ፊቅህ፣ ነሕው፣ ተፍሲር ይቀራል። ያገሬው ሰው ያበላዋል፤ ጨርሶ ሲሄድም ሌላ ቦታ ያስቀራል። ሾንኬም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስሟ የሚጠራ መንደር ናት።

ስሟን በሰፊው ያስጠሩት ሐጂ ጀውሀር ቢን ሐይደር ቢን ዐሊ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ዓሊምም ሱፊይም የነበሩት ሐጂ ጀውሀር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ አኼራ ሄደዋል። የወሎን ኢስላም ታሪክ በማጥናት የሚታወቁት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ እርሳቸው ሕይወት ለብቻው የጥናት ጽሑፍ አሳትመዋል።

ሐጂ ጀውሀር የኖሩበት ዘመን ለወሎ ሙስሊም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ አዘዙ። አንዳንዱ ተሰደደ፤ አንዳንዱ እንደ ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር ተቃውሞ ተነሳ፤ አንዳንዱም ዲኑን በልቡ ይዞ ቀን እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ዘመን በኋላ ዒልሙ ሊቀጥል የቻለው ኪታቡንና ደረሳውን ያልለቀቁ እንዲህ ያሉ የገጠር ቦታዎች ስለነበሩ ነው።

ዛሬ ያለው ችግር

ተራራው መንደሩን ጠብቆ እንዳቆየ ሁሉ ኑሮውንም አክብዶታል። ውሃ ከታች ይቀዳል፤ እህል በጀርባ ወይም በአህያ ይወጣል፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። እርሻው ያለውም ከታች ነው። ስለዚህ ቤተሰቦች ወደ እርሻቸውና ወደ መንገዱ ቀርበው አዲስ ቤት ይሠራሉ። ከወሎ ገጠር ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች የሚሄደው ወጣትም ገንዘብ ሲልክ የሚሠራው ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት ነው።

በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። ውሃ ሲቀዳ ወገቡ የጎበጠን ሰው «ቅርስ ስለሆነ አትውረድ» ማለት ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ቤተሰብ ሲወርድ የሚዘጋው ቤት ብቻ አይደለም። ሕፃኑ ከአያቱ ጋር በአርጎብኛ የሚያወራበት ጊዜ ያጥራል። በየቤቱ መደርደሪያ የተቀመጠ በእጅ የተጻፈ ኪታብም ጣሪያው ሲያፈስ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

የመጀመሪያው ነገር ውሃ ነው። ውሃ ወደ ላይ ከወጣ ብዙ ቤተሰብ ላለመውረድ ምክንያት ያገኛል። ለሰደቃ ጃሪያ ቦታ የሚፈልግ ወገን ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ ሊያስብበት የሚገባ ሥራ ነው። ሁለተኛው ኪታቦቹ ናቸው፤ ባለቤቶቹ እስከፈቀዱ ድረስ ከቤታቸው ሳይወጡ ፎቶ ማንሳትና መመዝገብ ይቻላል። ሦስተኛው የጣሪያ ምርጊት ነው፤ የወረዱ ቤተሰቦች ቤት እንኳ በየዓመቱ በደቦ ቢመረግ አይፈርስም።

ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ደግሞ መንደሩ ሰው የሚኖርበት እንጂ ሙዚየም አለመሆኑን ያስብ። ሳያስፈቅድ ቤት አይግባ፣ ሴቶችንና አዛውንቶችን ፎቶ አያንሳ፣ ኪታብ ልግዛ ብሎም አይጠይቅ። በሰላምታ ይግባ፤ ሶላት ከደረሰ አብሮ ይስገድ፤ ቡና ከቀረበለት ቁጭ ብሎ ይጠጣ።

አላህ ያለፉትን መሻኢኾቻችንን ይማርልን፤ ያሉትንም ያቆይልን። አሚን።