የገዢ መረጃ በሒሳብ መክፈያ ላይ

ሻጭ ዕቃ ሲሸጥ የገዢውን ስም፣ ስልክ ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) የሚቀበልበት አሠራር። አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ባሉ ሱቆች ጥንታዊ መልኩ የዱቤ ደብተር ነው፤ ስምና ዕዳ ይጻፍበታል፣ ሲከፈል ይሰረዛል።

በሕግ የመጣው ጥያቄ የቲን ነው። ወጪውን በሒሳብ መዝገቡ የሚያሳይ ነጋዴ ወይም መሥሪያ ቤት ስሙና ባለ 10 አሃዝ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ እንዲሰፍር ይፈልጋል። ለቤቱ ስኳር የሚገዛ ሰው ግን ቲን የሚሰጥበት ምክንያት የለውም።

ቴሌብር በ2013 ከጀመረና የባንክ ዝውውር ከተለመደ ወዲህ ብዙው መረጃ ሳይጠየቅ ያልፋል። «ገብቷል?» ሲባል ገዢው ስልኩን ለገንዘብ ተቀባይዋ ያቀብላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወጪ መልእክት ከተከፈለው ገንዘብ ጋር ቀሪ ሒሳቡንም ስለሚይዝ፣ ለአንድ ኪሎ ምስር የቆመ ሰው ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ ከኋላው የተሰለፈውም ያነብባል። ማረጋገጫው በሻጩ ስልክ ላይ ቢታይ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተወሰነ ዓላማና በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዝዛል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።